ዕቅድ፦ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ

መብራት ከሄደ ቆየ። በስልክሽ ባትሪ
ካርታውን አልጋው ላይ ዘርግተሽ፣
በጣትሽ ከኮፐንሃገን ተነሥተሽ፣
ድልድዩን በባቡር ተሻግረሽ፣
ማልሞ ላይ ሳታድሪ ስቶክሆልም ገባሽ።

እኔ ገና ከግቢው አልወጣሁም።
ባጃጁ ጭቃውን አይቶ ከአስፋልቱ ወዲህ አልመጣም፤
ከዚህ ቃሊቲ መድረስ
ከኦስሎ በርገን ከመድረስ ይብሳል፣ አልቀልድም።

«በሐምሌ ነው የሚያምረው፤ ለእነሱ በጋ ነው» አልሽ።
እኔ የማውቀው ሐምሌ
ቆርቆሮ የሚደበድብ በረዶ፣
ሳምንት ሙሉ ያልደረቀ ካልሲ፣
ከአሸንዳ የተጠለፈ አንድ ጀሪካን ውኃ።
ፍሬገነት፣ ሐምሌም ሌላ አገር ሲሄድ ሌላ ሰው ነው ለካ!

«እስከ ትሮምሶ ከዘለቅንማ
ፀሐይዋም አትጠልቅ፤
ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት መጽሐፍ ታነባለህ።»
ታዲያ መሸ የሚለው ማነው?
ተኮራርፈን ብንውል፣
ጨለማ ካልመጣ በምን እንታረቃለን?

ሳቅሽ።
ዕቁቡ መጋቢት ላይ ይደርሰናል፤
ጃኬት ከእህትሽ እንዋሳለን።
ቅጹን ትሞዪ ጀመር፦ ስም፣ ሥራ፣ የባንክ ሒሳብ፤
«አብሮሽ የሚጓዘው ሰው ምንሽ ነው?» የሚለው ጋ
እስክሪብቶሽ ቆመ።

ሰፈሩ «ባሏ» ይለኛል። እናትሽ «ያ ልጅ»።
አንቺ ምን እንደምትዪኝ
አራት ዓመት ሙሉ ጠይቄሽ አላውቅም።

ታች ልጆቹ «መጣ!» ብለው ጮኹ፤
ማቀዝቀዣው አጉረመረመ፤
ባትሪሽን አጠፋሽ።
ባዶዋን መስመር
በሙሉ መብራት ሁለታችንም አየናት።