ማን ማን

«ላይ! ላይ!» ሲል ላኦ ቼን፥ መሰላሉን ይዤ ወደ ላይ እወጣለሁ፤
እሱ ከታች ቆሞ እጁን ያወናጭፋል፥ እኔ እሰቀላለሁ።
አሽዶድ ነው፥ ባሕሩ ዳር፥ ገና ሁለት ወሬ ሥራ ከያዝኩ።
ለካስ «ላይ» በሱ ቤት «ና» ማለት ኖሯል፤
«ና» ሲል ደግሞ «ውሰድ»፥ ባልዲውን ይዘረጋል፤
እኔ ባዶ እጄን ሄጄ ፊቱ ስገተር፣
ሲሚንቶው በመሐላችን ይደርቅ ነበር።

አሥር ጣውላ ቆጥሮ «ሺ!» ይላል፥ ላቡን እየጠረገ፤
እኔም በልቤ፦ «ምስኪን፥ ድካሙ ቁጥሩን አሳደገ።»

ጠባቡ ሳንቃ ላይ ስሮጥ ካየኝ ደግሞ፣
«ማን ማን! ማን ማን!» ይላል፥ ዓይኑ በድንጋጤ ግንባሩ ላይ ቆሞ።
«እኔ ነኝ» እለዋለሁ፥ «እኔ ነኝ ፈንቴ!»
«ማን ማን!» «እኔ!» «ማን ማን!» «እኔ ነኝ በሞቴ!»
«ቀስ በል» ማለት መሆኑን የነገረኝ ሁለት ዓመት ቆይቶ፣
የሱም የኔም ባልሆነ በተሰበረ ዕብራይስጥ፥ ሩዙን ከፊቱ ትቶ።

ማታ ኪርያት ማላኪ፥ ኖራ ያልለቀቀው እጄ ላይ ተንጠልጥላ፣
«ዛሬስ ቼን ምን አለ?» ትለኛለች ትርንጎ፥ መምህራኗ የሚሏት ሂላ።
እነግራታለሁ። ከሶፋ ሶፋ ትዘላለች፦ «ላይ! ና! ማን ማን!»
እናቷ ከጓዳ፦ «ዕብራይስጡ መች አለቀና፥ ይኼ ደግሞ ተጨመረብን?»

ውሉ አለቀና ቼን ሄደ። ሐሙስ ነበር። ውሃ ልኩን እጄ ላይ ጥሎ፣
«ማን ማን» አለኝ፥ አውቶብሱ ሲነሣ፥ በመስኮት ብቅ ብሎ።

አሁን ትርንጎ ቼንግዱ ናት፥ ሁለተኛ ዓመቷ፤
ስትደውል ከኋላዋ ጭጋግ ነው መስኮቷ።
እኔ ባርባ ዓመቴ ኡልፓን ተቀምጬ ያንቀላፋሁት፣
ቋንቋ በባልዲ፥ ከሰው እጅ ነው የቀዳሁት፤
እሷ ግን ጠረጴዛ አላት፥ መብራት፥ ብሩሽና ቀለም።
(ስለ ብርዱ አትነግረኝም።)

«የመጀመሪያ ቀን» አለች «አፌን ስከፍት መምህሩ ሳቀ፤
‹ይህን አነጋገር ከየት አመጣሽው?› ብሎ ጠየቀ፤
‹የግንበኛ አፍ ነው፥ የሄናን ገጠር።›
‹ካባቴ ነው› አልኩት። ክፍሉ ዝም አለ፥ አንድ ልጅ ብቻ ይጽፍ ነበር።»

አራት ዜማ አለው አለችኝ፥ ዜማው ከሳተሽ
እናትሽን ስትጠሪ ፈረስ ይመጣልሽ።
«የኛም አለው» አልኳት፥ «ፊደሉ የማያሳየው፣
ጥርስሽን ነክሰሽ ወይ ለቀቅ አድርገሽ የምትለዪው።»
ወዲያው አልገባትም።

ባለፈው ሳምንት ጻፍኩላት፦ «ቼን አለ?»
ፊደል የቆጠረችው ዘግይታ ነው። መለሰች፦ «ምን አለ?»
አላልታ አነበበችው። እኔ አጥብቄ ነበር የጠየቅኩት፣
በሕይወት አለ ወይ ብዬ፥ ያን ሁሉ ሕዝብ በሐሳቤ እያገላበጥኩት።

«አባ፥ አገሩ ሰፊ ነው፥ በባቡርም ውሎ ነው፤
ቼን የሚባል ሰው ደግሞ እንደ አሸዋ ነው።»
«አውቃለሁ» አልኳት።
አሸዋ ያቀበልኩ ሰው ነኝ፤ አንዷን ፍሬ ግን አላውቃት።

ዓርብ፥ እኔ ጋ እኩለ ቀን ሳለ፥ እሷ ጋ ሊመሽ ሲል ደወለች፤
«ሰንበትን ተቀብዬ ልልክልህ ነው» ብላ ሳቀች።
ስለ ፈተና አወራች፥ ስለ ዕረፍቱ፥ ስለ ትኬት ዋጋ፤
ከዚያ ስልኩን ልትዘጋ
ስትል፥ በቼን ድምፅ፥ በዚያው በሄናን ገጠር፦
«አባ፥ ላይ!»

ና ማለቷ ነው።
ይህን አውቄያለሁ፥ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት።
ግን ቀና አልኩ።
ኮርኒሱ ጥግ ውሃ የገባበት ቦታ አለ፤ መለሰን አለበት።