የግራ ጫማ

ሃያ ሁለት እግረኛ፣ አንድ ሾፌር፣ እኔ፤
ካልሲው መስኮት ላይ፣ ዊጉ ከጎኔ።
አገር የምንለየው በፎጣው ልስላሴ፣ በዳቦው ጥንካሬ፤
ትናንት ሊንዝ ነበርን፣ ኦሎሞውትስ ዛሬ።
ነገን አትጠይቁኝ፤ የሚያውቀው ዝቢግኔቭ ነው፣ ሾፌራችን ብቻ፤
እሱም ያፏጫል እንጂ አይናገር፣ ሆዱን መሪው ላይ ጥሎ እንደ ስልቻ።
ልደት ቢመጣ ነዳጅ ማደያ ነው፤ ኬኩን በጫማ ማንኪያ እንቆርሳለን፤
ተጣልተን ብንውልም መውረጃ የለም፤ ሳይመሽ እንታረቃለን።

ሥራዬ ጫማ ነው።
የላላ አጠብቃለሁ፣ የወለቀ ሚስማር እመታለሁ፣
ካልሲ እንዳይወርድ ባታቸው ላይ ሙጫ እቀባለሁ።
ከመጋረጃው ጀርባ፣ በልብስ ክምር ተከልዬ ሆኜ
ሁሉንም በኮቴው አውቃለሁ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፦
ፊአክራ ሲረግጥ፣ ዕዳ እንደሚጠይቅ ሰው በር ይደበድባል፤
የኑዋላ ኮቴ፣ ባዶ ድስት ላይ እንደ ምስር፣ ይንጠባጠባል።

ጭፈራቸውስ?
ትከሻ አይነቀነቅ፣ ክንድ ከጎን አይነሣ፣ አንገት ቀጥ፣ ዝምታ፤
ከወገብ በላይ ለቅሶ ቤት፣ ከወገብ በታች የሰርግ ጫጫታ።
ቪዲዮውን ለእናቴ ብልክላት አይታ አዘነች፤
«ምን አጥፍተው ነው እጃቸው የታሰረው?» ብላ ጠየቀች።

ምስጢር ልንገራችሁ።
አዳራሹን የሚሞላው ነጎድጓድ፣ ሕዝቡ የሚያጨበጭብለት፣
እግር አይደለም፤ ቴፕ ነው፤ ደብሊን የተቀዳ፣ ስህተት የሌለበት።
የሕያው እግር ድምፅ ከሥሩ ይሞታል፤
ደከመ፣ አልደከመ፣ ማን ያውቅበታል?

እኔ ግን የግሮንያን አውቃለሁ።
ግራ እግሯ ካበጠ ሳምንት አለፈው፤ ጫማው እንቢ ሲላት
በዚያው በኬኩ ማንኪያ እየገፋሁ እኔ ነኝ የማስገባላት።
«እንዳትናገሪብኝ» አለች፤
«ተተኪዬ ማሰሪያዋን አስራ ትጠብቀኛለች።»
ጫማው ለእግሯ ገባ፤ እኔን ግራ ገባኝ፤
ብናገር ሥራዋ፣ ዝም ብል አጥንቷ፣ ሁለቱም ታየኝ።

እንግዲህ ማክሰኞ ማታ፣
ጭፈራው መሀል ላይ፣ ቴፑ ቀጥ።
እንደ ሰው ትንፋሽ፣ ቀጥ።
አምስት መቶ ሰው፣ ካፖርቱ ጉልበቱ ላይ፣ ፀጥ።
ያኔ እውነተኛው እግር ብቻውን ተሰማ፦
ቀጭን፣ ደረቅ፣ የእንጨትና የጫማ።
መሀሉ ላይ ግን፣ እንደ ወለቀ ጥርስ፣
ቀኝ፣ ቀኝ፣ ባዶ።
ቀኝ፣ ቀኝ፣ ባዶ።
መርፌ በእጄ እንዳለ ቆምኩ፣ ጉልበቴ ሟሟ እንደ በረዶ።

ፊአክራ ነው የጀመረው፤ በግራ እግሩ አየሩን ብቻ መታ፤
ኑዋላ ተከተለችው፤ ከዚያ የኋላው ረድፍ፣ ሳይጠያየቅ፣ ሳያመነታ።
ሃያ አንዱ ጤነኛ እንደ አንዷ አነከሰ፤
ባንድ ልክ፣ ባንድ ምት፣ ትከሻው ሳይነቃነቅ አነከሰ።
ሕዝቡ አዲስ ስልት መስሎት ተነሣ፣
በጭብጨባ ቤት አፈረሰ።

ሌሊት አውቶቡስ ውስጥ ማንም አላነሣው።
አንዱ ብርቱካን ላጠ፤ ሽታው የኋላ ወንበር ደረሰ።
ፊአክራ ከመንገድ ዳር በረዶ በካልሲ ቋጥሮ መጣ፤
እግሯ ላይ አኖረና «ነገ ካቶቪትሴ ነው» አለ፤ ሌላ ቃል ካፉ አልወጣ።
ዝቢግኔቭ ማፏጨቱን ትቶ
ጉድጓዱን ሁሉ በቀስታ አለፈ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ተጠንቅቆ።

በማግሥቱ ቴፑ ተጠገነ፤ ነጎድጓዱ ተመለሰ፣ እንከን የለው፤
በግሮንያ ቦታ ተተኪዋ ጨፈረች። ያሳበቀባት ማን ነው?

እኔ ነኝ።

ሦስት ወንበር ከፊቴ ተቀምጣለች፤ ዞራ አታየኝም።
የግራ ጫማዋ ጭኔ ላይ ነው፣ ተረከዙ በውጭ በኩል ያለቀ፤
አዲስ ልምታበት፣ ወይስ እንዳለ ልተወው፣
ገና አልወሰንኩም።