አንድ ቅጽል

ሙሐረቅ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ፣ ጨው በበላው ደጃፍ፣
ከምሽቱ አምስት ሰዓት ይደርሰኛል የነገው ጽሑፍ።
ለውሕ ላይ ያጠናሁት፣ የሐርቡው መድረሳ፣ በሸሁ አርጩሜ፣
ለሰው አገር ጋዜጣ እርማት ሆነ ሥራዬ፣ እስከዚህ ዕድሜ።

ከመስኮቴ ማዶ፣ ወሽመጡ ላይ ሰክኖ፣ መብራቱ ተንቆጥቁጦ፣
አለ ያ መርከብ፣ ያጋራችን መርከብ፣ መድፉ አፍጥጦ።
ስንት ዓመት ሙሉ ስሙ ባምዳችን ላይ ሲወጣ ሲወርድ
"ታላቁ ወዳጃችን" ነው የሚባለው፤
ቅጽሉ ጌጥ ነው፣ እንደ ሙሽራ ወርቅ፤ ማን ደፍሮ ይጎርድ።

ዘንድሮ ግን አየሩ ዞረ።
መልእክተኛቸው መጣ፤ ተምሩን ሳይቀምስ፣ ጫማውን ሳይፈታ፣
ካውሮፕላን ወርዶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ሄደ በዚያው ማታ።
የቤተ መንግሥት በር ወፍራም ነው፣ ምንም አያሾልክ፤
ለእኛ የሚደርሰን ከሦስት ቀን በኋላ፣ በአንድ ሰው ስልክ።

ያን ሰሞን ብዕር ሁሉ ጀግና ሆነ።
አንዱ "ተከዳን" ሲል፣ ሌላው "መች ወደዱን" ብሎ ተሳለቀ፤
አንዱ የድሮ ውል ካቧራ አውጥቶ፣ እያገላበጠ ሐቅ ጠየቀ፤
አንዱም ወደ ምሥራቅ፣ "ሌላም ገበያ አለ" እያለ ጠቆመ፤
የጓዳ ሐሜት ሁሉ ተኩሎ ወጥቶ ፊተኛው ገጽ ላይ ቆመ።

የኛው ኡስታዝ ሸሪዳ ብቻ ዘገየ።
ሰባ ሁለት ዓመቱ፤ አባቱ ሉል ጠላቂ፣ ጆሮው የፈረጠ፤
ትንፋሽ መያዝ ያውቃል፤ ለመጻፍ አልሮጠ።
በአራተኛው ሌሊት እንዲህ ብሎ ላከ፦

   "አባቴ ሲጠልቅ ወገቡ ላይ ገመድ፣ እግሩ ላይ ድንጋይ።
   ድንጋዩ ያወርዳል፤ ገመዱ ያወጣል፤ ጫፉ ካለው ሰው ጋ፣ ከላይ።
   ታች ትንፋሽ ሲያጥር አንዴ ይስበዋል፤ ላይ ያለው ይነቃል።
   ወዳጅ ማለት ይኸው ነው፤ የቀረውን መዝገበ ቃላት ያውቃል።
   እኛ ገመድ ሳብን፤ ወዳጃችን ላይ ሆኖ ስለ ዋጋ ይከራከራል፤
   ሳንባችን ሲነድ፣ እሱ የሉሉን ፍሬ አንድ ሁለት ብሎ ይቆጥራል።
   ግን የገመዱን ጫፍ በእጁ ያስያዝነው እኛው ነን፤ ማንም አላስገደደን።"

"ወዳጃችን" ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። "ታላቁ" የለም።
ሸሪዳ ቃል አይረሳም፤ ጣቱም አይስትም፣ ሸምግሎም።
ከኅዳጉ ላይ፣ በቀይ፣ የጥያቄ ምልክት ልጽፍ አልኩና ተውኩት፤
አጥብቆ ጠያቂ የናቱን ሞት ይረዳል፤ እንዳለ አሳለፍኩት።

ከሌሊቱ ሰባት ሲል ዶክተር ገሉም፣ ዋና አዘጋጁ፣
ደረጃውን ወረደ በነጠላ ጫማ፣ ስልኩ እንደ በራ በእጁ።
"እድሪስ፣ ታርቀዋል" አለኝ፤ ደስታ የለው፣ ሐዘን የለው ድምፁ።
"ጧት መግለጫ አለ። ቅጽሉን መልሰው፣ ሳይዘጋ ገጹ።"

መለስኩት። አጭር ቃል ናት፤ ለዓይን አትሞላም፣ ቀላል ትመስላለች፤
ዓምዱ ግን ጠባብ ነው፤ ገብታ ስትደላደል ጎረቤት ገፋች፤
መስመር መስመርን ገፋ፣ ቃል በቃል ላይ ወጣ፣ እስከ ታች ድረስ፤
የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከገጹ ወደቀ፣ እንደ ወተት ጥርስ።

የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁ።
እኔንም ማንም አላስገደደኝ።

ማተሚያው ጮኸ። ወረቀቱ ትኩሱን እየተደራረበ ወጣ፤
ጧት ጋዜጣው ሁሉ "የማይናወጥ ወዳጅነት" ተሸክሞ መጣ።
ትናንት "ተከዳን" ያለው፣ "ደመና ነው" አለ፣ "መጥቶ ያለፈ"፤
ውሉን ያወጣውም ወዳቧራው መልሶ መሳቢያውን ቆለፈ።

ሸሪዳ ደወለ፣ ፀሐይ ሳትበረታ።
አልተቆጣም። መጀመሪያ ሲተነፍስ ብቻ ሰማሁት፣
ከጥልቅ እንደ ወጣ ሰው።
"ያ እድሪስ፣" አለ፣ "ድንጋዩን እግሬ ላይ መልሰህ አስረሃል፤ ደግ።
ገመዱንስ የት ጣልከው?"

ከመስኮቴ ማዶ መርከቡ መብራቱን አጥፍቷል፤ ነግቷልና።
ከሥሩ አንድ ዓሣ አጥማጅ ያልፋል፤
ታንኳው በነጭ ገጽ ላይ እንደ ነጠላ ሰረዝ፣ ዘንበል ብላ፣ ቀና።