ከወንበሩ ጀርባ

የአባቴ ፒክአፕ፣ የስልሳ ሦስት ሥሪት፣
ነዳጁን በሆዱ አልያዘም፣ እንደ ሌላው ፍጥረት፤
ጋኑ ጋቢና ውስጥ ነበር፣ ከወንበሩ ጀርባ፣
እንደ አራተኛ ሰው አብሮን የሚወጣ፣ አብሮን የሚገባ።
በነብራስካ የአሸዋ ኮረብታ፣ ቤት ከቤት በማይታይበት አገር፣
በታጠፍን ቁጥር ይሰማናል፣ ከብረቱ ሲላተም፣ ሲነጋገር።

አባቴ ኤመት ቤንዚን ይሸት ነበር፣ እሑድም ታጥቦ፤
«ክብሪት እንዳታስጠጉት» ትለን ነበር እናቴ፣ ፊቷን ሳቅ ከቦ።
እሱ ሲያልፍ ለኔ ቀረ። እኔም ዓመታት ነዳሁት፣
ከእሳት ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጬ፣ ለመድሁት።

አንድ ቀን የልጄ ልጅ ኮሪን፣ በእኔና በበሩ መካከል ተቀምጣ፣
«አያቴ፣ ማነው ከኋላችን ያለው?» አለች፣ ዓይኗን አፍጥጣ።

በዚያ ሌሊት አልተኛሁም።

ቅዳሜ ወንድሜ ሎውል ክሪኩን ይዞ መጣ፤
ቤንዚኑን በጎማ ቱቦ ስቦ ቀዳ፣ ጥቂት ዋጠ፣ ተቆጣ።
ወንበሩን ፈታን። አንዱ ብሎን ዝጎ እምቢ አለ፣
ግማሽ ቀናችንን በላ።
ጋኑ ሲነሳ ከሥሩ ተገኘ፦
የአይጥ ጎጆ፣ ሦስት ፍሬ በቆሎ፣ አጭር እርሳስ፣
እና ያ የግማሽ ኢንች መፍቻ፣
«አንቺ ነሽ የጣልሽው» ብሎ፣ በዘጠኝ ዓመቴ አባቴ የገረፈኝ
በዚያ መፍቻ።
ሎውል አየኝ። አየሁት።
ሠራንበት ብቻ።

አዲሱን ጋን ከካሶኒው ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ አልፎ፣
በሻንሲው ሁለት ክንዶች መሀል ሰቀልነው።
ጋን በጠጠር ይደገፋል ይላሉ፤
የእኛን የደገፈው
ከሞተ ትራክተር ጎማ የቆረጥነው ቁራጭ ነው።
ቱቦውን በጎን ዘረጋን፣ ከጭስ ማውጫው አራርቀን፤
ጌጁ ባዶውን ሙሉ፣ ሙሉውን ባዶ እያለ አሾፈብን፤
የሽቦውን ነገር በሦስተኛው አወቅን።

የቀረው ከበሩ ኋላ ያለው የድሮው አፍ ነው። ሎውል ብየዳውን ለኮሰ፤
«ልድፈነው?» አለኝ። እጄን አነሳሁ። ነበልባሉ አነሰ።
ክዳኑን መልሼ አጠበቅሁት፣
ወደ ምንም በሚከፈት ጉሮሮ ላይ።

ትናንት በገበሬዎቹ ማኅበር ማደያ አንድ አዲስ ልጅ
ያንን ክዳን ከፍቶ፣ ቧንቧውን ሊሰድድ ሲል ደረስኩ።
«እዚያ ማንም የለም!» ብዬ ጮኽኩ።
«ምንም» ማለቴ ነበር።
ልጁ ቧንቧውን እንደያዘ ፈዞ ቀረ፤
ወደ ኋላ ወስጄ አዲሱን አፍ አሳየሁት።

ስንመለስ ኮሪን ተኛች፣ ራሷን ከወንበሩ አስደግፋ፣
ጋኑ በነበረበት በኩል።
ጋቢናው ዝም አለ። የሸሚዜን እጅጌ አሸተትኩ፤
ሳሙና ነው።
ከወንዙ በፊት ያለው ኩርባ ላይ ስደርስ ግን፣
እንደ ልማዴ፣ ጀርባዬን አጠንክሬ
ያን ክብደት ጠበቅሁት።