ሞጆ ላይ

ዕቁቡ ደረሰን በአስራ ሦስተኛው ዙር፤
እልፍነሽ ቆጠረች ብር በብር፣ ብር በብር።
ለቆርቆሮው ከፍላ፣ ከፍላ ለሰው ብድር፣
የተረፈችውን በነጠላዋ ጫፍ ጠበቅ አርጋ ቋጥራ፣
«ይቺስ ለሆድ አይደል፣ ለዓይን ትሁን» አለች፤ ዓይኗም አብሮ በራ።
ሠላሳ አንድ ዓመት አቃቂ ስንኖር
ለለቅሶ ካልሆነ ከኬላው ማዶ አልፈን አናውቅም ነበር።

እሷ ሐይቅ አለች።
አቢጃታ፣ ሻላ። ዝም ብሎ የተኛ ውሃ።
ዳሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ልትቀመጥ፣
የማይጮህ ነገር፣ ዓይን ላይ የማይሮጥ፣
ወፍ እንኳን ቢነሳ ሮዝ ክንፉ እንጂ
ድምፁ የማይመጣ።

እኔ ፏፏቴ አልኩ።
አዋሽን። የሚወድቅ፣ ወድቆም የማያፍር፤
ተሰባብሮ ተነስቶ፣ አቧራውን አራግፎ መንገድ የሚጀምር።

«ለምን እሱ?» አለች።
አስረዳኋት፤ ያው የፋብሪካው ጣጣ፣
ሃያ ስምንት ዓመት ከሽመና ማሽን ሥር ስገባ ስወጣ
ጆሮዬ እዚያው ቀረ፤ ደሞዜ ብቻ ነው እቤት የሚመጣ።
ሰው ሲያወራ ያመልጠኛል፤ ደወሉ፣ ሬዲዮው፣ የልጅ ልጅ ሳቅ ሳይቀር፤
ፏፏቴ ግን፣ ይላሉ፣ በጆሮ አይደለም፤
በእግር ነው የሚገባ፣ ከመሬቱ ሥር።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ አፏን ወደ ቀኝ ጆሮዬ አስጠግታ፣
«አንተ ድምፅ ናፈቀህ። እኔ ግን፣» አለችኝ፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ
ጨው አቀብለኝ ለማለት እንኳን ጮሄ ነው የኖርኩት፤
ሲጣሉ ነው የሚያድሩ ይለናል ሰፈርተኛው ሁሉ።
አንድ ቀን ጉሮሮዬን ላሳርፍ።»

ምን ይባላል ለዚህ?
ነገር ለማዞር ያህል፣ «ሐይቁ ሸሽቷል አሉ፤
ዳሩን ስትፈልጊ ይመሽብሻል» አልኳት።
«ያንተስ አዋሽ፣» አለች፣ «ይሄ የእኛው ወንዝ አይደል ከታች የሚገባበት?
ሰኞ ሰማያዊ፣ ሐሙስ ቀይ ሆኖ፣ ከነቀለሙ፣ ከነሳሙናው፤
የገዛ እጣቢያችንን ከፍለን ልናይ ነው?»
ሳቅን። መቼም ሲስቁ መጮህ አያስፈልግም።

ጎረቤት ሰማ። እንዴት አይሰማ!
ጥበቃው በዳዳ ለሳላ መሰከረ፣ ቀንዱን በሁለት እጁ እያሳየ፤
መምህር ኅሩይ ደግሞ የሻላን ጥልቀት፣
ጥቁር ሰሌዳ ያለ ይመስል፣ አየር ላይ ጻፈ።
ሾፌሩ ቶላ «ለእኔ አንድ ነው፣» አለ፣ «ነዳጁን አስቡ፤
እስከ ሞጆ ድረስ መንገዱ አንድ ነው። ሞጆ ላይ ንገሩኝ።»

ሐሙስ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣
ቧንቧው ሳለ።
እሷ ናት የምትሰማው፤ እኔን በክርኗ ነው የምትቀሰቅሰኝ።
በስምንት ቀኑ መምጣቱ ነው። ጄሪካኑን፣ ሳፋውን፣
የዘይት ጠርሙስ ሳይቀር አሰለፍን።
በርሜሉ ሲሞላ መዳፌን ሆዱ ላይ ለጠፍኩት፤
ይንቀጠቀጣል። እስከ ክርኔ መጣ። እስከ ጥርሴ።
እሷ ደግሞ እስኪሞላ ቆማ ጠበቀችና፣ ቧንቧውን ዘግታ፣
ውሃው እስኪረጋ ጎንበስ አለች፤
በሞባይሏ መብራት ምን እንዳየች እንጃ፣
ብዙ ቆየች ቀና ሳትል።
ክዳኑን አብረን ገጠምነው።

ቅዳሜ በማለዳ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን አልፈን
(ቢሾፍቱም ሐይቅ አላት፤ ከመንገዱ አይታይም)
ሞጆ ደረስን። የቶላን ከንፈር በመስታወቱ አየሁት፤
«ግራ ነው ቀኝ?»
እልፌ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች፣ አፏ ትንሽ ከፈት ብሎ፣
ያ ሃያ ዓመት የጮኸልኝ አፏ።

ጣቴን ወደ ቀኝ ቀሰርኩ።

መኪናው ሲዞር
መዳፌን መስኮቱ ላይ አሳረፍኩ፤
ብርጭቆው ያጉተመትማል፣
እስከ ክርኔ።