ምንጩ የት ነው?

ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ሚኒባሱ ቆሞ ያንቀላፋው ሲነቃ፣
ጭቃ ነው፤ ግራጫ ብሎክ ነው፤ ደግሞ ጭቃ።
የኛ ሰፈር ይህ ነው።
አርባ ሦስት ብሎክ፣ አንድ የውኃ ጉድጓድ፣
ለሞተሩ ናፍጣ በየወሩ መዋጮ፣ በየወሩ መናደድ።
እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ተራውን የምይዝ፦
ማን ከፈለ፣ ማን ቀረው፣ ማን ማክሰኞ ይቅዳ፣ ማን ሐሙስ ላይ ይያዝ።

መዝገቡን የሠራው ጉርሜሳ ነበረ፤
ሥራ አገኘና አዳማ ሄዶ ቀረ።
ሲሄድ እንዲህ አለኝ፦ «ክፍቱን ለራስሽ ያዢ፣
የታሸገውን ነው ለሰው የምታበዢ።»
ክፍት ማለት፣ ውስጡ የሚነበብ፣ የሚታረም፤
የታሸገ ማለት፣ ይሠራል፣ ግን አይጠየቅም።

እኔ ምን አደረግሁ?
ኮሚቴው በመጋቢት አዲስ ኮምፒውተር ገዛ፣
ስክሪኑ ሰፊ፣ ካርቶን ካርቶን የሚሸት፣ ዋጋው የበዛ።
በሱ ላይ ሦስት መስመር ጨመርሁ፣ አሸግሁ፤
ክፍቱን «ቦታ ይበላል» ብዬ ጠረግሁ።
በፍላሽ ላክሁ፤ አንዱን ለብሎክ ሰባት፣
አንዱን ለአቶ ዲንሳ፣ ለሞተሩ ቤት።

ብሎክ ሰባት ደወለ፦ «አልከፈትም አለ።»
አቶ ዲንሳ ደወሉ፦ «ትርሲት፣ ይኼ ነገር ምን አለ?
‹የፋይሉን ቅርጽ አላውቀውም› ይላል፤
እሱ ካላወቀ እኔ ላውቀው ነው? ሰው ደግሞ ቆሟል፤
ጀሪካኑ እስከ መንገድ ተሰልፏል።»

ያኔ ገባኝ፣ እንደ ውኃችን ዘግይቶ፦
አዲሱ አሮጌውን ያነባል፣ ይታገሠዋል፤
አሮጌው ግን አዲሱን በምን አፉ ያውቀዋል?
እኔ በልጅ ቋንቋ ጽፌ፣ አሽጌ፣
ለአባት ላክሁት፣ መልስ ፈልጌ።
መፍታትም አይቻል። ቃሊቲ ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ጠይቁ፣
ዱቄት ተመልሶ ስንዴ ሲሆን አይተው እንደሁ፣ እነሱ ይወቁ።

ለጉርሜሳ ደወልሁ። መናኸሪያ ጩኸት ውስጥ ነበር።
«ክፍቱስ?»
«ጠረግሁት።»
ዝም አለ። ቆይቶ፦
«ላፕቶፔን ሸጬዋለሁ። ምንጩ ከሌለ እኮ...»
አልጨረሰውም፤ ካርዱ አለቀ፣ ወይም ትዕግሥቱ።

ወደ ሞተሩ ቤት ወረድሁ፣ ይቅርታ ልጠይቅ።
ሞተሩ ጸጥ ብሏል፤ ሰዉ ሽማግሌውን ያስጨንቅ።
«ምንጩ የት ነው?» አልሁ፣ ለራሴ፣ ቀስ ብዬ።
ሰሙኝ።
«ምንጩማ ከእግርሽ ሥር ነው፤ ሰማንያ ሜትር ወደ ታች፤
ይኸው ቁልፉ» ብለው ወደ ላይ አነሡት።
ከቁልፉ ጋር፣ በጫማ ማሰሪያ ታስሮ፣
አንድ ፍላሽ ይወዛወዛል፣ ጫፉ ተሰብሮ።
«ያ ልጅ ነው የሰጠኝ፣ ‹አይጥፋብዎ› እያለ፤
እኔ የቁልፍ ጌጥ መስሎኝ፣ አራት ዓመት ተንጠለጠለ።»

ክፍቱ እዚያ ነበር።

አዲሱ ላይ አልሠራሁም። የሳቸው አሮጌ ፊት፣
ማራገቢያው እንደ ወፍጮ በሚጮኸው፣ አቧራው በሚያስነጥሰው፣
ጉልበቴን ከናፍጣ በርሜል አስደግፌ፣
ከሁሉ ባረጀው ላይ አሸግሁት፣ ክፍቱን በሦስት ፍላሽ አትርፌ።

ብሎክ ሰባት ከፈተ። የአቶ ዲንሳም ከፈተ።
የኔ ሰፊ ስክሪን ብቻ አኮረፈ፤
ሠላሳ ሁለት፣ ስድሳ አራት እያለ ተሟገተ።
ይሟገት። ለሱ ለብቻው ሌላ አሽግለታለሁ።

ማታ ሦስት ሰዓት ሞተሩ ተነሣ፤
ተራው ታትሞ ወጣ። የዘንድሮን ስም ገና አልቀዳሁበትም፣
የድሮዎቹ ናቸው፤ ከነሱም አንዱ፦
ብሎክ ሠላሳ፣ ቁጥር ሁለት፣ ጉርሜሳ።
ዕዳ፦ የሁለት ወር።
«ይሰረዝ?» አልኋቸው።
ፍላሹን ከማሰሪያው እየፈቱ፣ እንደገና እያሰሩ፣
«ኧረ ተዪው» አሉኝ፣ «ከፍሏል በይው።»