የተዛነፈ ቁልፍ

አርባ ዓመት ሙሉ ፈረስ የገራሁበት
የታኩዋሬምቦ ሜዳ ነው፣ ነፋስ የሚያድርበት።
እጄ የሚያውቀው ሥራ ሁለት ብቻ ነበር፤
ልጓሙን ማጥበቅ፣ አለንጋ መሰንዘር።
አንዱ ጉራቻ ነው ሒሳቡን ያወራረደው፣
ሦስት ጣቴን በገመድ ከግንድ ጋር ያዋሃደው።
ከዚያ ወዲህ ጣቶቼ እንደ ደረቀ ሥር
አይዘረጉ፣ አይታጠፉ፤ ናቸው እንዲያው ለቁጥር።

ሥራ ስፈልግ ነው ሲልቫናን ያገኘኋት፤
በባሕር ዛፍ ጥላ ሥር አንዲት በረት አላት።
«ፈረስ መምራት ትችላለህ?» አለችኝ። ሳቅሁባት።
«በዝግታ ነው የምልህ» አለች፣ ሳቄን ሳትቆጥረው፤
«ልጅ አለ ጀርባው ላይ፤ መድኃኒቱ እርምጃው ነው።»

ፈረሱ ሶርሳል ይባላል፤ ሽማግሌ ዳማ፣
ዝንብ የማያስደነግጠው፣ የሳሳ ጋማ፣
የወተት ጋሪ ጎትቶ ጎትቶ ጡረታ የወጣ፣
እንደኔው፣ ሌላ መድረሻ ቢያጣ እዚህ የመጣ።
ኮርቻ የለም። እርካብ የለም። ልጓምም የለም፤
ሙቀቱ ወደ ልጁ እንዲያልፍ፣ ስስ ግላስ ብቻ።
«ይህማ ፈረስ አይደለም፣ ፍራሽ ነው» አልሁ። ማንም አልሰማኝም።

ኦቲሊያ የመጣች ዕለት ሐምሌ ነበር፣
አመዳዩ በሣሩ ላይ እንደ ጨው ሲሰፈር።
ስድስት ዓመቷ። እግሮቿ እንደ መቀስ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ታጥፎ፤
አውራ ጣቷ በቡጢዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ አርፎ።
ሦስት ሰው ሆነን አወጣናት። ጮኸች። ሶርሳል ዝም፤
ጆሮውን እንኳ አላዞረም።
እጄ ልማዱን አስታውሶ ገመዱን ጨመደደ፤
ሲልቫና አየችኝ። ለቀቅሁት። ፈረሱ በራሱ ሄደ።

እርምጃ። እርምጃ። ከኋላ እግሩ የሚነሣው ማዕበል
ወገቧን ግራ ቀኝ ሲወስድ፣ ሲመልስ፣ ሲያባብል፣
«ሰው ሲራመድ ዳሌው የሚያደርገው ይኼንኑ ነው» አለች፤
«በሁለት ያጣችውን ከአራት ተበደረች።»
በሩብ ሰዓት ውስጥ የእግሯ መቀስ ላላ፤
ማንም አልጎተተው፤ ማንም አላለውም «ላላ»።

ከዚያ የልብስ መስጫ መቆንጠጫዎቹ መጡ፣
ጋማው ላይ በሰልፍ ተሰጡ፤
ሰማያዊ፣ ብርቱካን፣ መጨረሻ ላይ ቀይ።
«ቀዩን ንቀይልኝ፣ ኦቲሊያ። ቀዩን፣ እይ።»
አንድ ሳምንት፣ ምንም። ሌላ ሳምንት፣ ምንም።
ነሐሴ አለቀ።
አንድ ማክሰኞ አውራ ጣቷ ከመቃብሩ ወጣ፣
ጠቋሚዋን ፈለገ፣ አገኘ፤ ቀዩ ተነቅሎ መጣ።
እሷ አልሳቀችም፤ ሥራ ላይ ነበረች።
ሶርሳልም ለበዓሉ የበኩሉን አዋጣ፤
ፋንድያ።

«መቆንጠጫው ለቁልፍ ነው» አለችኝ ሲልቫና፣ «ቁልፉም ለሸሚዝ፤
አንድ ቀን ጠዋት፣ እናቷ ሳትጠራ፣ እሷው እንድትለብስ።»
ይህን ስሰማ ካፖርቴ እንደ በር ተከፍቶ ነበር።
ቁልፍ መቆለፍ ካቃተኝ ሰባት ዓመቴ ነው፤
«ብርድ አይነካኝም» እላለሁ፤ የሚጠይቀኝም የለም፤ መልሱ ግን ያው ነው።

በጥቅምት አጋማሽ፣ የደቡቡ ነፋስ ሲመለስ፣
ወንበር ላይ አስቀምጠናት፣ ከፊቷ ተንበርክኬ፣
በግራ እጄ የራስ ቁሯን ስፈታላት
ዐይኗ ካፖርቴ ላይ ቆመ። እጇን ሰደደች።
ምላሷን አውጥታ ጠርዙን ያዘች፤
ቀዳዳ ፈለገች፣ አጣች፣ ደግማ ፈለገች።
ጉልበቴ ቀዘቀዘ፤ አልተነቃነቅሁም።
እንዲህ ጸጥ ብሎ የቆመ ፈረስ በኔ እጅ አላለፈም።

አንዱ ገባ። ሁለተኛው ግን በሦስተኛው ቀዳዳ፤
ደረቴ ላይ ጨርቁ አበጠ እንደ ጉብታ።
ሲልቫና ልታቃናው ተነሣች፤ በዐይኔ ከለከልኋት።
አውቶብስ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ቁልፍዎ ተዛንፏል» አለችኝ።
«አውቃለሁ» አልኋት።

ያን ሌሊት ካፖርቴን እንደ ለበስሁ ተኛሁ።
መፍታት አቃተኝ ልበል?
እንዲያ ልበል።